ስለ ማቺየንዚ የደረሱን ጥያቄዎች፦ የመገጣጠሚያ መድኃኒት የሆነው የውሻ መርዝ

ማቺየንዚ ስለሚባለው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ፍሬ ከአንባቢያን የደረሱንን ደብዳቤዎች ለመጽሔቱ የፋርማሲ አምድ አዘጋጅ አቅርበን መልሳቸውን እንደሚከተለው አትመናል። የጠያቂዎቹን ስም በፈቃዳቸው አላወጣንም።

ጥያቄ፦ እናቴ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ ያማቸዋል። ጓንግዡ እየተመላለሰ የሚነግድ የአክስቴ ልጅ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ቡናማ ዱቄት አምጥቶላቸው ጠዋትና ማታ በሞቀ ውኃ እየወሰዱ ነው፤ ሕመሙም ቀለል ብሎልኛል ይላሉ። በካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቻይንኛ ለሚያነብ የሥራ ባልደረባዬ ባሳየው «ማቺየንዚ የሚባል መርዛማ ፍሬ አለበት» አለኝ። ለእናቴ ስነግራቸው «መርዝ ቢሆን እስካሁን በገደለኝ» ብለው ሳቁብኝ። እውነት መርዝ ነው? ከሆነስ እንዴት ሕመማቸውን ሊያቀልላቸው ቻለ? (ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ)

መልስ፦ ባልደረባዎ በትክክል አንብቦልዎታል። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን መደረግ ያለበትን ላስቀድም፤ እናትዎ ዱቄቱን መውሰድ ያቁሙ፣ ካርቶኑንና የቀሩትን ከረጢቶች ሳይጥሉ ይዘው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ የምለው ሐኪሙ ቻይንኛ ያነባል ብዬ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን ነገር መመርመር ቢያስፈልግ ከእጃችሁ ያለው ብቸኛ ማስረጃ እሱ ስለሆነ ነው።

ማቺየንዚ በሳይንሳዊ ስሙ ስትሪክኖስ ኑክስ ቮሚካ የሚባል የሕንድ፣ የስሪላንካና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ዘር ነው። ዛፉ ብርቱካን የሚያህል ፍሬ ያፈራል፤ በፍሬው ውስጥ እንደ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ክብና ጠፍጣፋ የሆኑ፣ ሐር በሚመስል ግራጫ ጸጉር የተሸፈኑ፣ እጅግ መራራ ዘሮች ይገኛሉ። ወደ ቻይና የገባው ከውጭ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የቻይናን መድኃኒቶች በአንድ ታላቅ ሥራ የሰበሰበው ሊ ሺጄን ዘሩን ከባዕድ አገር እንደመጣ አድርጎ መዝግቦታል። የሚገርመው፣ ሊ ሺጄን ስለ ጠባዩ በጻፈበት ቦታ «መርዝ የለውም» ካለ በኋላ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ውሻን እስከ ሞት ይመርዛል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አክሎ ማስቀመጡ ነው። የዛሬው የቻይና ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መድበል ግን በዚህ ጉዳይ አያወላውልም፤ ዘሩን የሚመድበው «ከባድ መርዝ» ከሚባሉት ተርታ ነው።

መርዛማነቱ የሚመጣው ስትሪክኒን እና ብሩሲን ከሚባሉ ሁለት አልካሎይዶች (በዕፀዋት ውስጥ የሚገኙ ብርቱ ንጥረ ነገሮች) ሲሆን ብርቱው ስትሪክኒን ነው። በ1818 ፔልቲየ እና ካቫንቱ የተባሉት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ስትሪክኒንን ለይተው አወጡት፤ እነዚሁ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ የወባን መድኃኒት ኪኒንን ያገኙ ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ ጡንቻን እንዲኮማተር የሚያዝዙ ነርቮች አሉ፤ ትእዛዙ ከልኩ እንዳያልፍ የሚገቱም አሉ። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የመግታቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ግላይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ስትሪክኒን ግላይሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ሥራውን ያሳጣዋል። ከዚህ በኋላ ሰውነት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ይሆናል፤ የበር መንኳኳት ወይም የእጅ መዳሰስ የሚያህል ትንሽ ነገር መላ ጡንቻን በአንድ ጊዜ ሊያኮማትር ይችላል።

ታዲያ ይህ ነገር ሕመምን እንዴት ያቀልላል? የቻይና ሐኪሞች ማቺየንዚን ለዘመናት ለቁርጥማት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለስብራትና ለምት፣ እንዲሁም ለሽባነት ሲሰጡ ኖረዋል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም አልካሎይዶቹ፣ በተለይ ብሩሲን፣ ሕመምንና ብግነትን የመቀነስ ጠባይ እንዳላቸው አሳይተዋል። ስለዚህ የእናትዎ «ቀለል ብሎኛል» ማለት ከንቱ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ማሰብ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በእነዚህ ዱቄቶች ውስጥ ማቺየንዚ ብቻውን የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ሌሎች ሕመም የሚያስታግሱ ዕፀዋት አብረውት ይቀመማሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ «ከዕፀዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ውስጥ በጽሑፉ ላይ ያልተገለጸ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ ወይም ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ተደብቆ መገኘቱን የተለያዩ አገሮች የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በተደጋጋሚ አስታውቀዋል። ዴክሳሜታዞንን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ስኳሩና የደም ግፊቱ ሊጨምር፣ ፊቱ ሊያብጥ ይችላል፤ በድንገት ሲያቆመውም ሊዝለፈለፍ ይችላል። በዚያው ዕለት ሐኪም ይያቸው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዱቄቱን ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰዱት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት።

«መርዝ ቢሆን እስካሁን በገደለኝ» ለሚለው የእናትዎ ቃል መልስ የሚሆነው ሒሳቡ ነው። የቻይና የመድኃኒት መድበል የሚፈቅደው፣ በእሳት ተዘጋጅቶ የተመጠነውን የማቺየንዚ ዱቄት ከ0.3 እስከ 0.6 ግራም ነው። በተመጠነው ዱቄት ውስጥ ያለው ስትሪክኒን ከመቶ 0.8 ገደማ ስለሆነ፣ ከፍተኛው መጠን ለታማሚው የሚሰጠው 5 ሚሊግራም የማይሞላ ስትሪክኒን ነው። በሕክምና መጻሕፍት ለአዋቂ ሰው ገዳይ ተብሎ የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ያለው ነው፤ ከዚያ ባነሰ መጠን የሞቱ ሰዎች እንዳሉም ተመዝግቧል። ዱቄቱ በደንብ የተመጠነ ከሆነ እናትዎ እስካሁን ጉዳት ያልታየባቸው ለዚህ ነው። ያልተዘጋጀው ጥሬ ዘር ግን በአንድ ግራም ከ12 እስከ 22 ሚሊግራም ስትሪክኒን ይይዛል፤ በቤት ውስጥ በሻይ ማንኪያ የሚለካ ሰው ደግሞ በሁለትና በሦስት ግራም መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ አይለየውም። እናትዎ እጅ ያለው ከረጢት ከየትኛው ወገን እንደሆነ እርስዎም፣ እኔም፣ ያመጣው የአክስትዎ ልጅም አናውቅም። በዚህ ላይ ስትሪክኒንን የሚያፈርሰው በዋናነት ጉበት ነው፤ በዕድሜ የገፋ ወይም ጉበቱ የደከመ ሰው የጠዋቱን ሳይጨርስ የማታውን ሊደርብበት ይችላል።

ለጉልበታቸው ሕመም የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስ፣ የሚቀባ የሕመም ማስታገሻና ፓራሲታሞልን የመሳሰሉ ከሐኪም ጋር የሚመከርባቸው አማራጮች አሉ። እነዚህ እንደ ቡናማው ዱቄት ከሩቅ አገር የመጡ ባለመሆናቸው ብዙ ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ ግን እነሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ስትሪክኒን በመርዛማነቱ የተነሳ ከዘመናዊ ሕክምና መውጣቱን ተምረናል። ቻይናውያን ይህን እያወቁ ለምን አልከለከሉትም? ዘሩን በእሳት ማዘጋጀትስ በእርግጥ መርዙን ያጠፋዋል ወይስ እምነት ብቻ ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ስትሪክኒን ከቻይና ውጭ ባሉ አገሮች መድኃኒት ሆኖ የቆየበት ጊዜ አጭር አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ የዚሁ ዘር ቲንክቸር (በአልኮል የተዘፈዘፈ ፈሳሽ) የምግብ ፍላጎት መክፈቻ ተብሎ ይታዘዝ ነበር፤ ስትሪክኒን ከብረትና ከኪኒን ጋር ተቀላቅሎ «የኃይል ሰጪ» ሽሮፕ ሆኖ ይሸጥ ነበር፤ በሆድ ማለስለሻ ክኒኖች ውስጥም ይገባ ነበር። እነዚያን ክኒኖች ከረሜላ መስለዋቸው የዋጡ ሕፃናት ሞተዋል። ምዕራባውያኑ የተዉት መርዛማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መርዛማ የሆኑ ብዙ መድኃኒቶች እስከ ዛሬ በጥቅም ላይ አሉና። የተዉት በሚጠቅመው መጠንና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ ከጥቅሙ የሚበልጥ ጥቅም ያላቸው ሌሎች መድኃኒቶች ስለተገኙ ነው።

የቻይናው አካሄድ የተለየ ነው፤ አልከለከሉትም፣ ነገር ግን አጥረውታል። በ1988 የወጣው የመርዛማ መድኃኒቶች አስተዳደር ደንብ 28 መርዛማ የባህላዊ ሕክምና ቁሳቁሶችን ሲዘረዝር፣ ጥሬው ማቺየንዚ ከአርሴኒክ፣ ከሜርኩሪና ከጥሬው አኮናይት ሥር ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በደንቡ መሠረት በአንድ የሐኪም ማዘዣ ሊሰጥ የሚችለው ከሁለት ቀን ከፍተኛ መጠን ማለፍ የለበትም፤ ማዘዣው የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ለ2 ዓመት በመዝገብ ይቀመጣል። ሐኪሙ «ጥሬው ይሰጥ» ብሎ በግልጽ ካልጻፈም መድኃኒት ቤቱ እንዲሰጥ የታዘዘው የተዘጋጀውን ነው። ይህን ደንብ ያነበበ ሰው፣ ያለ ማዘዣና ያለ ማብራሪያ በሻንጣ የገባው ከረጢት በራሷ በቻይና ቢሆን እንኳ ከሕጉ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ይረዳል። «ቻይናዎቹ ይወስዱታል» ብለው የሚከራከሩ ዘመዶች ይህን አጥር አያዩትም።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። የተለመደው ዘዴ ዘሩን በጋለ ንጹሕ አሸዋ ውስጥ እያመሱ፣ እስኪነፋና ከላይም ከውስጥም ቡናማ እስኪሆን ማቆየት ነው። ይህ እምነት ብቻ አይደለም። ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከስትሪክኒኑና ከብሩሲኑ ከፊሉ ኢሶስትሪክኒንና ኢሶብሩሲን ወደሚባሉ መልኮች፣ ከፊሉም ወደ ኤን-ኦክሳይዶች ይለወጣል፤ እነዚህም ከመጀመሪያዎቹ ያነሰ መርዛማነት አላቸው። ጸጉሩም ይረግፋል፣ ጠንካራው ዘር ተሰባሪ ሆኖ ለመፍጨት ይመቻል። ነገር ግን «ከፊሉ» የሚለውን ቃል አጥብቀው ይያዙት። እሳቱ ቢያንስ ብዙ መርዝ ይቀራል፤ ቢበዛ ዘሩ ከስሎ መድኃኒትነቱ ይጠፋል። አሸዋው ምን ያህል እንደጋለ የማይለካ ሰው ካመሰው በኋላም በእጁ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም።

በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ለአንድ የፋርማሲ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው ከእሳቱ ቀጥሎ በሚመጣው፣ ብዙም በማይወራለት ደረጃ ላይ ነው። የታመሰው ዘር ከተፈጨ በኋላ በላቦራቶሪ የስትሪክኒን ይዘቱ ይለካል፤ ከዚያ ይዘቱ ከመቶ ከ0.78 እስከ 0.82 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስታርች ይጨመርበታል። መድኃኒት የሚባለው የማቺየንዚ ዱቄት ይህ ነው። ሊ ሺጄን በዘመኑ ያልነበረው፣ የመንደር አዋቂም የሌለው ነገር ይህ ልኬት ነው። የአንዱ ዛፍ ዘር ከሌላው፣ የአንዱ ዓመት ምርት ከሚቀጥለው በይዘቱ በእጥፍ ገደማ ሊለያይ ስለሚችል፣ አያቱ በጣቱ ቆንጥሮ የሰጠው መጠን ታማሚውን ባይገድል እንኳ የልጅ ልጁ በዚያው ቁንጣሪ ሊገድል ይችላል። መድበሉ ከዚህም አልፎ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ እንዳትወስደው፣ ማንም ሰው ብዙና ለረጅም ጊዜ እንዳይወስደው፣ መርዙ በቆዳ ውስጥ ስለሚያልፍ በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ እንዳይቀባ ያስጠነቅቃል። የመጨረሻውን ያነሳሁት በዚህ ዘር የተሠሩ ልጥፎችን «ከላይ ስለሆነ አይጎዳም» እያሉ ጀርባቸውን ሙሉ የሚሸፍኑ ሰዎች ስላሉ ነው።

ልክ ሆኖ ሲሰጥ ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ በቻይና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ ቢቺ የተባለ እንክብል አለ፤ በውስጡም የተዘጋጀ ማቺየንዚ ይገኛል። ስለ እሱ የወጡ ጥናቶች ተስፋ የሚሰጡ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ እዚያው አገር ውስጥ የተሠሩ ስለሆኑ እኔ ከእነሱ ተነስቼ ለኢትዮጵያዊ ታማሚ አላዝም።

ጥያቄ፦ በገጠር ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በአካባቢያችን የውሻ መርዝ የቀመሱ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ይመጣሉ። የስትሪክኒን መመረዝን ከመንጋጋ ቆልፍ እንዴት እለያለሁ? በእጃችን ባለው ነገርስ ምን ማድረግ እንችላለን? (ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ በአገራችን ከተሞች ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት ሲያገለግል የኖረው መርዝ ስትሪክኒን በመሆኑ፣ ስለ ቻይናው ዘር የሚነገረው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል።

የስትሪክኒን ምልክት ፈጥኖ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተዋጠ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ሰውየው መጀመሪያ ይቅበጠበጣል፣ አንገቱና ፊቱ ይገትረዋል፣ ድምፅና ብርሃን ያስደነግጠዋል፤ ከዚያ ጀርባው እንደ ቀስት እስኪደገን ድረስ መላ አካሉ ይኮማተራል። ከሚጥል በሽታ የሚለየው ዋና ነገር አእምሮው አለመጥፋቱ ነው፤ ታማሚው እያንዳንዱን መኮማተር እያወቀ ያልፍበታል። ስለዚህ አጠገቡ የምትናገሩትን ይሰማል፤ «አይተርፍም» የሚል ቃል ከአንዳችሁም አፍ እንዳይወጣ። መንጋጋ ቆልፍ ግን ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ የሚገነባ ነው፤ ከመንጋጋ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም የቁስል ታሪክ አለው፣ በመኮማተሮቹ መካከል ያለው ጊዜም ጡንቻው እንደተገተረ የሚቆይበት ነው። በስትሪክኒን የተመረዘ ሰው በመኮማተሮቹ መካከል ጡንቻው ይላላል።

ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው ሰውነት መርዙን አፍርሶ እስኪጨርስ ድረስ ታማሚውን በሕይወት ማቆየት ነው። ጸጥ ባለና ብርሃኑ በቀነሰ ክፍል አስተኙት፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት አትንኩት፣ ቤተሰቡም እየገባ እንዳያለቅስበት አድርጉ። እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ማስታወኩ ራሱ መኮማተርን ሊቀሰቅስና ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት፣ ዘይት፣ እንቁላል የመሳሰለውንም አታጠጡት። ዲያዜፓም በደም ሥር በሕክምና መመሪያችሁ መጠን ስጡት፣ ኦክሲጅን ካላችሁ አድርጉለት፤ ለሕክምና የተዘጋጀው ከሰል የሚሰጠው ታማሚው በቅርብ ጊዜ የዋጠ፣ መኮማተር ያልጀመረውና በራሱ መዋጥ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። የሚገድለው በአብዛኛው የመተንፈሻ ጡንቻዎች መቆለፍ ስለሆነ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ወዳለበት ሆስፒታል ደውላችሁ መንገድ ላይ የሚሰጠውን ዲያዜፓም ይዛችሁ በፍጥነት ላኩት። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀቀው ነገር ኩላሊትን ስለሚያውክ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትና የሽንቱን መጠንና መልክ መከታተል አትርሱ፤ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ለሚቀበለው ሐኪም አስታውቁ። የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ያለፈ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ጥያቄ፦ ታዳጊ ሯጮችን አሠለጥናለሁ። ከቻይና ውድድር የተመለሰ አትሌት «ድካም የሚያስለቅቅ» የተባለ የዕፀዋት ክኒን ለጓደኞቹ አከፋፍሏል። በእንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የተከለከለ ቅመም ሊኖር ይችላል? (ከበቆጂ)

መልስ፦ በእርግጥ ሊኖር ይችላል። በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አሜሪካዊው ቶማስ ሂክስ በመንገድ ላይ ሲዝለፈለፍ አሠልጣኞቹ ስትሪክኒን በእንቁላል ነጭና በብራንዲ ይሰጡት ነበር፤ ያን ጊዜ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሂክስ የመጨረሻውን መንገድ የጨረሰው ተደግፎ ሲሆን ለሕይወቱም ያሰጋ ነበር፤ ስትሪክኒን ሯጭን ያግዛል ብሎ ለሚያስብ ሰው የሂክስ ፎቶግራፎች በቂ መልስ ናቸው። ዛሬ ግን ስትሪክኒን በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ድርጅት ዝርዝር ውስጥ በውድድር ጊዜ ከተከለከሉ አነቃቂዎች አንዱ ነው። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በ69 ኪሎ ክብደት ማንሳት ነሐስ ያገኘው የኪርጊስታኑ ኢዛት አርቲኮቭ በስትሪክኒን ምክንያት ሜዳልያውን ተነጥቋል።

የቻይናው የመድኃኒት መድበል ራሱ በማቺየንዚ ሥር «ስፖርተኞች ይጠንቀቁ» የሚል ቃል አስቀምጧል። ከማቺየንዚ ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀመመው ኤፌድራ የተባለ ተክልም በውስጡ ኤፌድሪን የሚባል አነቃቂ ስላለው አትሌትን በሌላ በር ሊያስቀጣው ይችላል። «አላወቅኩም» የሚለው መልስ በምርመራ ጊዜ አያድንም፤ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ነው። ክኒኑን ከልጆቹ ሰብስበው ለኢትዮጵያ የፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ያሳዩት። ክኒኑን ያከፋፈለውን አትሌት በጓደኞቹ ፊት ባያዋርዱት እመርጣለሁ፤ ወንድሞቹን የጠቀመ መስሎት ያደረገው ይመስላልና፣ ከተዋረደ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀዋል።

ጥያቄ፦ እዚህ ጀርመን በየመድኃኒት ቤቱ «ኑክስ ቮሚካ» የሚል የሆሚዮፓቲ ጠብታ ለሆድ ሕመም ይሸጣል። ይህ እርሱ ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ዘሩ ያው ነው፤ ጠብታው ግን ሌላ ነገር ነው። በሆሚዮፓቲ ሥርዓት ዘሩ ደጋግሞ በውኃና በአልኮል ይቀጠናል፤ ቅጥነቱ ከፍ ባለው ጠርሙስ ውስጥ አንዲት የስትሪክኒን ሞለኪውል እንኳ ላትገኝ ትችላለች። እንዲህ ያለው መርዝም መድኃኒትም አይደለም። ቅጥነቱ ዝቅ ያለው ግን የሚለካ ስትሪክኒን ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመግዛትዎ በፊት የቅጥነቱን ደረጃ የሚያሳየውን ቁጥር ለፋርማሲስቱ ያሳዩት፤ ከልጆችም ያርቁት። የሆድ ሕመምዎ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ጠብታውን ትተው መንስኤውን ያስመርምሩ።

ጥያቄ፦ የእኛው ጉሎም በቻይና ሕክምና መርዛማ ተብሎ ተመዝግቧል ሲሉ ሰማሁ። ምጣድ እናስስበታለን፤ ልጆቼን ይጎዳብኝ ይሆን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ የጉሎ ፍሬ በቻይናው መድበል ውስጥ ከመርዛማ ዘሮች አንዱ ሆኖ ይገኛል። መርዙ ግን ስትሪክኒን ሳይሆን ራይሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ስትሪክኒን በደቂቃዎች ውስጥ ጡንቻን ሲያኮማትር፣ ራይሲን ከሰዓታት በኋላ ትውከት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሴሎች ፕሮቲን እንዳይሠሩ ስለሚያግድም ጉዳቱ ወደ ውስጥ አካላት ይዘልቃል። ራይሲን በዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ሙቀትም ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ በጋለ ምጣድ ላይ የሚታሸው ጥቂት ጉሎ ሊያስፈራዎ አይገባም። ሊያስፈራዎ የሚገባው ምጣዱ አጠገብ ባለው ዕቃ ውስጥ የተቀመጠው ጥሬ ፍሬ ነው። ፍሬው ዥንጉርጉርና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ የሕፃን ዓይን ይማርካል፤ ያኘከ ልጅም ቢያንስ ሆስፒታል ያድራል። ክዳን ባለው ዕቃ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ልጅ አኝኮ ከተገኘ ደግሞ ምልክት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ይዘውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዕጣንና ከርቤ ወደ ቻይና ለሚልክ ድርጅት እሠራለሁ። አንድ ገዢያችን ዕጣናችን ከመርዛማ ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ መድኃኒት ይሠራበታል ብሎ ነገረኝ። ሊሆን ይችላል? (ከመተማ)

መልስ፦ ይሆናል፣ ነውርም የለበትም። ጂዩፈንሳን የሚባለው፣ ለምትና ለእብጠት የሚሰጠው የቆየ የቻይና ዱቄት አራት ነገሮችን በእኩል ክብደት ይዟል፤ እነሱም የተመጠነ የማቺየንዚ ዱቄት፣ ኤፌድራ፣ ዕጣንና ከርቤ ናቸው። የምሥራቅ አፍሪካ ዕጣንና ከርቤ በቻይና መድኃኒት ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቁ ሲሆኑ፣ ለሕመምና ለደም መርጋት ይታዘዛሉ። አንዱ ከረጢት 2.5 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ከ0.6 ግራም ትንሽ ከፍ የሚል ማቺየንዚና ያንኑ ያህል ዕጣን ይገኝበታል ማለት ነው። ከገርጂ የጻፉልን ጠያቂ የእናታቸውን ካርቶን አስተርጉመው እነዚህን አራት ስሞች ካገኙበት፣ ለሐኪሙ ሊነግሩት የሚገባቸው ይኸው ነው።

ዕጣኑ በራሱ የስትሪክኒን ዓይነት መርዝ የለውም። ይሁንና እዚያ ሲደርስ እንዳለ አይዋጥም፤ ሆድ የሚያውከውን ጠባዩን ለመቀነስ በኮምጣጤ ይታመሳል፣ ለእርጉዝ ሴትም በጥንቃቄ እንዲሰጥ ታዝዟል። ገዢዎ የሚፈልገው የጠራ፣ ከአሸዋና ከቅርፊት የተለየ ዕጣን የሆነውም ለማጨሻ ስለማይገዛው ነው፤ ለሚዋጥ መድኃኒት የሚሆነውን ዕጣን ለይታችሁ ብታሽጉና በከረጢቱ ላይ የዛፉን ዓይነትና የተለቀመበትን ወረዳ ብትጽፉለት ሳይጠቅመው አይቀርም።